የስለቱ ጸጉር

ከዚህ በታች ከምናገረው ውስጥ አንዲት ፍሬ ውሸት ብትገኝ ቢላዬ ይዶልድም፣ ሥጋ ቤቴን ዝንብ ይውረሰው፣ እኔም በየዓመቱ በስቅለት ትርኢታችን የምሾመውን የሮማውያን አለቃነቴን ተገፍፌ ከፈረሶቹ ኋላ ፋንድያ ጠራጊ ልሁን። ቅዳሜ ጠዋት ይህንኑ ታሪክ ሥጋ ቤቴ ውስጥ ስተርክ ሰልፉ ከበሩ ወጥቶ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ደርሶ ነበር። ሕዝቡ የመጣው ዓርብ ሥጋ ስለማይሸጥ ነው የሚል ቀናተኛ አይጠፋም፤ እውነቱን ለመናገር ግን ግማሹ የመጣው ለእኔ አፍ ነው። ታላቅ እህቴ ኤውላሊያም ዘንቢሏን ይዛ እዚያው ሰልፍ ውስጥ ቆማ ነበር። ነገሩ የደረሰው በእሷ ግቢ፣ በእሷ ልጅና በእሷ ባል ላይ ነው። እያየችኝና እየሰማችኝ፣ ከመጨረሻዋ ደቂቃ በቀር አንድም ጊዜ አላቋረጠችኝም። ከዚህ የበለጠ ምስክር ከየት ላምጣላችሁ?

ኢላሪዮ የእህቴ አንድያ ልጅ ነው፤ ብረት በያጅ፣ ቀውላላ፣ ዝምተኛ። ጸጉሩን ግን ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። ጥቅጥቅ ያለ ጥቅልል ነው፤ ርጥብ ሲሆን ወገቡ ድረስ ይወርዳል፣ ሲደርቅ እየተጠማዘዘ ወደ ትከሻው ይሰበሰብና እንደ ተቆጣ ባሕር ይነሳል። አንድ ጊዜ የጎረቤት ድመት እዚያ ውስጥ ገብታ ስትፈለግ ከርማለች፤ የድመቷ ባለቤት ሰፈር ባትቀይር ኖሮ ሄዳችሁ ትጠይቋት ነበር። ይህ ጸጉር ያደገው ለጌጥ አይደለም፣ በስለት ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት የእህቴ ኩላሊት ደክሞ ሐኪሞቹ ተስፋ ሲቆርጡ፣ ኢላሪዮ በቤተ ክርስቲያናችን ባለው በናዝራዊው በኢየሱስ የተቀረጸ ምስል ፊት ተንበርክኮ ተሳለ፦ እናቴን ካዳንክልኝ ጸጉሬን መቀስ አላስነካውም፤ ሲረዝም በስቅለት ቀን መስቀልህን ተሸክሜ ኮረብታውን እወጣለሁ፤ በዚያው ቀን ቆርጬ አንተን አለብስሃለሁ። የእኛ ናዝራዊ የሚለብሰው የሰው ጸጉር ነው፣ ክርና የፈረስ ጭራ አይወድም። እህቴ ተነሳች፣ በእግሯ ገበያ ወጣች። ስለቱ ግን ገና አልተከፈለም። ዓርብ ማታ ምስሉ ለቀብር ዙረት ከመውጣቱ በፊት ጸጉሩ ታጥቦ፣ ተበጥሮ፣ አንዲት ቋጠሮ ሳይኖርበት ካልገባ ስለቱ ፈረሰ ማለት ነው። ስለት ከፈረሰ ደግሞ በሽታው የወጣበትን በር አይረሳውም። ይህን የማያምን ሰው በኮረብታችን ላይ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የውሃ ቦቴው ሹፌር፤ እሱ ደግሞ ሚስቱንም አያምንም።

ያንን ጸጉር ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ኢላሪዮ ተሸከመው እንጂ አሳዳጊው እኔ ነኝ። የሜክሲኮ ከተማ ምሥራቅ ጫፍ ኮረብታ ላይ ጸጉር ማሳደግ ቀልድ አይደለም። ሚኒባስ ሲሳፈር ጎረምሶቹ ተነስተው «ሴኞሪታ፣ ይቀመጡ፤ ጫማዎ ተረከዙ ረጅም ነው መሰለኝ» ይሉታል። ብየዳ ቤት ብልጭታው እንዳይበላው በርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ከጭምብሉ ሥር ይወሽቀዋል፤ አሠሪው «ዛሬ ደግሞ ልጃገረዷ ሻሿን አስራ መጣች» ይለዋል። ከሚኒባሱ ጎረምሶች ውስጥ አሥራ አንዱን በአንድ ከሰዓት በኋላ ብቻዬን እንደ ጎድን ሥጋ አጋድሜያቸዋለሁ። (እዚህ ላይ ከሰልፉ አንዷ «ዶን ሃሲንቶ፣ ባለፈው ሰባት ነበሩ» አለችኝ። የተቀሩት አራቱ ዘግይተው ነው የደረሱት አልኳት።) ውሃውስ ቢሆን? እኛ ጋ ውሃ በቦቴ ነው የሚመጣው፣ እሱም ቅዳሜ ቅዳሜ፤ ያ ጸጉር ደግሞ ለአንድ እጥበት ሁለት ሙሉ ባልዲ ይጠጣል። ባልዲውን ዳገት ለዳገት ያጋዝኩት እኔ ነኝ። ሳሙናው ለራስ ቅሉ ብቻ እንጂ ለጫፉ እንዳይደርስ፣ ከዚያ የእሬት ዝልግልጉ፣ በወር አንዴ የተፈጨ አቮካዶ፤ በፎጣ ሳይታሽ በአሮጌ ካናቴራ ጨመቅ ጨመቅ ተደርጎ፤ ደርቆ እያለ በጭራሽ ሳይነካ፣ ርጥብ ሳለ ጥርሱ በተራራቀ ሚዶ ከጫፍ ተጀምሮ ቀስ እያሉ ወደ ላይ፤ ማታ ላላ ተደርጎ ተጎንጉኖ። ይህን ሁሉ ያስተማርኩት እኔ። ሚዶውንም ከብርቱካን እንጨት በሥጋ ቢላዬ የጠረብኩት እኔ። እህቴን ዞር ብዬ አየኋት፤ ዓይኗ ሚዛኑ ላይ ነበር።

አሁን ወደ ጠላታችን። የእህቴ ባል ክሬሴንሲዮ ጡረታ የወጣ አሥር አለቃ ነው። ራሱ ሙልጭ ያለ መላጣ ነው፤ ዝንብ ብታርፍበት ተንሸራታ አንገቷን ትሰበራለች። እንዲህ ያለ ሰው በገዛ ቤቱ ያን የመሰለ ጸጉር ሲመላለስ ማየት ምን እንደሚያደርገው አስቡት። ሦስት ዓመት ሙሉ ከልጁ ጋር በአንድ ገበታ ተቀምጦ አንድ ቃል አልተናገረም። ጨው ሲፈልግ ለእህቴ ነው የሚነግራት፣ እሷ ለልጁ ትነግረዋለች፣ ልጁ ያቀብላታል፣ እሷ ታቀብለዋለች። አንድ እሁድ አብሬያቸው ምሳ በልቻለሁ። ሁለት ክፍል ቤት ናት፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፤ ገበታው ከግድግዳው ጋር ተጠግቶ አራተኛው ሰው አልጋው ጫፍ ላይ ነው የሚቀመጠው። አደንጓሬ ነበር፣ ትኩስ ቶርቲያ ነበር፣ በርበሬ ነበር፤ ወሬ አልነበረም። የሚሰማው የሦስት ሰው ማላመጥና የእኔ ድምፅ ብቻ ነው። ክሬሴንሲዮ በየመሃሉ ቀና ይልና የልጁን ጸጉር ያያል። እንዴት እንደሚያየው እኔ አውቃለሁ፤ እኔ በሬ የማየው እንደዚያ ነው።

ዓርብ ጠዋት እንግዲህ ጥሩሬን ለብሼ፣ ባለ ቀይ ላባ የራስ ቁሬን ደፍቼ፣ ጅራፌን በትከሻዬ አድርጌ ክርስቶሳችንን ላጅብ ወደ እህቴ ግቢ ወረድኩ። በሩን ስከፍት ያየሁትን ሳስበው እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ኢላሪዮ በርጩማ ላይ ጎንበስ ብሎ ተቀምጧል፤ ጸጉሩ ርጥብ፣ በፊቱ ተዘርግፎ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። ከኋላው ክሬሴንሲዮ ቆሟል። በአንድ እጁ የእሾህ አክሊሉን፣ በሌላው የበግ መሸለቻ መቀስ ይዟል። መቀሱ ክንዴን ያህላል።

«ክሬሴንሲዮ፣ መቀሱን አስቀምጥ» አልኩት።

አክሊሉን ማገላበጡን ቀጠለ።

«አሥር አለቃ፣ የሚያዝህ የሮማ ጦር አዛዥ ነው።»

ዞር አለና «በሩን ዝጋው፣ አቧራ ይገባል» አለኝ። ይህን የመሰለ ንቀት ጥሩር ለለበሰ ሰው። ኢላሪዮ ጎንበስ እንዳለ «አጎቴ፣ ተወው» አለኝ፤ ፍርሃት ነው ያናገረው ምስኪኑን። ከዚያ በኋላ የሆነውን ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። አንገቱን በአንድ እጄ ይዤ አነሳሁትና በውሃ ታንከሩ ላይ አሻግሬ ወረወርኩት፤ ሲያርፍ የዶሮ ቤቱ ፈረሰ። ተነሳና መቀሱን ወደ ጉሮሮዬ ሰነዘረ፤ በጋሻዬ መከትኩት፣ የእሳት ፍንጣሪ ወጣ። በጉልበቴ ሆዱን አልኩት፣ በራስ ቁሬ ግንባሩን ደገምኩት፣ ደሙ ቁርስ ሊጠበስ የነበረው እንቁላል ላይ ተረጨ። እንደ ፍየል ጠፍሬ ጥጉ ላይ ካስቀመጥኩት በኋላ ኢላሪዮን ይዤ ወጣሁ። የሥጋ ሰልፉ ውስጥ «የዶሮ ቤቱ ትናንት ቆሞ አይቼዋለሁ» ያለ ነበር፤ እኔው ነኝ መልሼ የሠራሁት።

ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ዶኛ ሉዲቪና ትጠብቀን ነበር። ሰማንያ ዓመት አልፏታል፤ የናዝራዊውን ጸጉር የምትሰፋው እሷ ናት፣ ክርስቶስ የሚሆነውን ሰው የምትፈትነውም እሷ። በአንድ የድሮ ዓመት፣ እኔ ሳልወለድ፣ አንዱ ዊግ አጥልቆ ወጥቶ ክርስቶስ ሦስተኛ ጊዜ በሚወድቅበት ቦታ ላይ ዊጉ ተንከባሎ ውሻ ይዞት ሮጠ አሉ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው ጸጉሩ ሳይጎተት መስቀሉን አይሸከምም። ሕዝቡ ሁሉ እያየ ኢላሪዮን አንበርክካ ጸጉሩን በሁለት እጇ ጠቀለለችና እግሯን ከመሬት አነሳች። ተንጠለጠለች ነው የምላችሁ። ኢላሪዮ ጥርሱን ነከሰ፣ እንባው ዱብ ዱብ አለ፣ ግን አንገቱን አላዘመመም።

«የራሱ ነው» አለች ወርዳ ትንፋሿን እየሰበሰበች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ደግሞ ገና በጠዋቱ ፑልኬ ጠጥተህ ትሸታለህ።»

«የጀግንነት ሽታ ነው፣ ዶኛ ሉዲቪና።»

«እንግዲያው ጀግንነትህ እያገሳ ነው» አለችኝና ሄደች።

የትርኢቱን ደም የማፈላው እኔ ነኝ። ከርከዴ በጥቁር ስኳር ነው የሚሠራው፤ ሌሎች ዓመታት ቀጥኖ እንደ ሻይ ይፈስስ ስለነበር ዘንድሮ ስኳሩን ሦስት እጥፍ አደረግኩት። ሲወርድ ብታዩት ከእውነተኛ ደም ይበልጥ እውነተኛ ነው፤ ቀስ ብሎ፣ እየተጎተተ፣ እንደሚያስብ ሰው። አክሊሉን ደፋንለት፣ ደሙን በላዩ አፈሰስነው፣ መስቀሉን አሸከምነው። ክብደቱ የአንድ ወይፈን ነው። ጅራፋችን ቀልድ አይደለም፤ ሌላ ሰፈር በገመድ ይነካካሉ፣ እኛ ቆዳ ነው። የመጀመሪያው ጅራፍ ጀርባውን ሲልጠው ሴቶቹ አለቀሱ፤ ሁለተኛው ሲያርፍ እውነተኛው ደምና የእኔ ደም ተቀላቀለ፣ የትኛው የማን እንደሆነ መለየት አቃተን። ከዳቦ ቤቱ ጥግ ስንደርስ ደግሞ ንቦቹ መጡ። አሥር ሺህ ይሆናሉ። ስኳሩ ጠርቷቸው ጸጉሩ ውስጥ ገቡ፤ ሮማውያኑ ጋሻ ጋሻቸውን እየጣሉ ሸሹ። እኔ ብቻ ቀረሁ። አንድ ባንድ በጅራፌ ጫፍ ከአየር ላይ ለቀምኳቸው።

አሁን ልብ አድርጋችሁ ስሙኝ። ከሁለተኛው መውደቅ በኋላ፣ ጠባቡ መታጠፊያ ላይ፣ አንድ ሮማዊ ከአጀቡ ተነጥሎ ወጣ። የራስ ቁሩን እስከ አገጩ አውርዶታል፣ ፊቱ አይታይም። ይንገዳገዳል። ያለ ምንም ምክንያት፣ በትርኢቱ ውስጥ የሌለ ነገር፣ ኢላሪዮን ጸጉሩን ጨብጦ ከመስቀሉ ሥር አወጣውና ዳገቱን ሽቅብ በሆዱ ይጎትተው ጀመር። ልጁ ጮኸ። የትርኢት ጩኸት አልነበረም፤ የዳቦ ቤቱ ባለቤት እንኳ ከደጃፉ ተነስቶ ቆመ። ጉልበቱ በድንጋዩ ላይ ተላጠ፣ አገጩ መሬት መታ፣ ሮማዊው ግን እያጓራ ጎተተው፤ ይጎትታል፣ ይስቃል፣ ይጎትታል። ከዚያ አንድ ጭብጥ ጸጉር ከነሥሩ ተነቅሎ በእጁ ቀረ። ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። እንዲህ ያለ ጥላቻ ከአንድ ሰው ብቻ ነው የሚመጣው። ገመዱን በጥሶ፣ የሰው ጥሩር ሰርቆ፣ ፊቱን ሸፍኖ የመጣ ክሬሴንሲዮ ነበር።

ተንደርድሬ ደረስኩበት። ሁለታችንም ወደቅን፣ ተያይዘን እስከ ብረታ ብረት ሱቁ ድረስ ተንከባለልን። ደረቱን በቡጢ፣ ጎኑን በክርን፣ መንጋጋውን በጋሻ ጠርዝ አልኩት፤ ሦስት ጥርስ ሲረግፍ ቆጥሬያለሁ። እሱም አልተኛም። ይኸውላችሁ ይህን የቀኝ እጄን መዳፍ ነከሰኝ። በፋሻ የተጠቀለለው ለዚህ ነው፣ ዛሬ ጠዋት ሥጋ በግራ እጄ የምቆርጠውም ለዚህ ነው። እንደ ውሻ ነከሰኝና አመለጠ። እዚህ ላይ ፋሻዬን ከፍ አድርጌ ለሰልፉ ሁሉ አሳየሁ። ኋላ ያሉት እንዲያዩ ዞርኩ። እህቴም አየችው፤ ረዘም አድርጋ አየችው።

ስቅለቱን አላረዝመውም። ኮረብታው አናት ላይ ከመስቀሉ ጋር በገመድ አሰርነው፣ አቆምነው፣ ፀሐይዋ ከላይ ወረደችበት። ልጁ የገዛ ጉልበቱ ደም እየተንጠባጠበ ሳለ የተባለውን ሁሉ ሳይሳሳት ተናገረ፤ ድምፁ ሲሰነጠቅ ሰው ሁሉ ባርኔጣውን አወለቀ። ችግሩ የመጣው ካወረድነው በኋላ ነው። ያ የእኔ ከርከዴ በፀሐይ ደርቆ ጸጉሩን ከነአክሊሉ፣ ከነአቧራው፣ ከነሞቱት ንቦች አንድ ላይ አጣብቆታል። በጥፍር ስትመታው ኳ ኳ ይላል። ዶኛ ሉዲቪና መጥታ ዳበሰችው፣ ጫፉን ሰበር ልታደርግ ሞከረች፣ ተወችው።

«ይሄ ጸጉር አይደለም» አለች። «ፀሐይ ሳትጠልቅ አንዲት ቋጠሮ ሳይኖርበት አምጡልኝ። ካልሆነ አምና የነበረውን አለብሰዋለሁ።»

«ስለቱስ?» አላት ኢላሪዮ። መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ከንፈሩ አብጧል።

«ስለቱን የተሳልከው አንተ ነህ፣ ልጄ፤ እኔ አይደለሁም።»

እህቴ ከጎኑ ቆማ ነበር። እጇን ወደ ወገቧ ወሰደችው፤ ኩላሊቷ ወዳለበት። ይህን ያየ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ።

እንግዲህ የቀኑ ትልቁ ጦርነት የተደረገው በእህቴ ቤት ጣሪያ ላይ ነው። ኢላሪዮን ተሸክሜ ግቢ ስደርስ ክሬሴንሲዮ ያንን የበግ መቀስ ስሎ ይጠብቀናል። አሳቡ ግልጽ ነው፤ ጸጉሩን ከሥሩ ሸልቶ ለውሻ ሊጥለው፣ ስለቱን ሊያፈርሰው፣ የገዛ ሚስቱን ሊገድላት። ልጁን ለእህቴ ሰጥቼ አሳደድኩት፤ በመሰላሉ ወጣ፣ ተከተልኩት። ቆርቆሮው ከእግራችን ሥር እንደ ከበሮ ይጮኻል። መቀሱን ወረወረ፣ ጆሮዬን ታክኮ አልፎ የጎረቤት ልብስ ማስጫ ገመድ በጠሰ። ቁርጭምጭሚቱን ያዝኩት፤ ዘቅዝቄ ከጣሪያው ጠርዝ ላይ አንጠለጠልኩት፣ ያ መላጣው እንደ ቤተ ክርስቲያን ቃጭል ወዲያ ወዲህ ይወዛወዛል። «ማረኝ» አለኝ። «በናዝራዊው ስም ማል» አልኩት። ማለ። ጥዬው ወረድኩ፤ ሲያርፍ ተነስቶ እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ ሮጠ፣ እስከ ማታም አልታየም። ከዚያ እኔ፣ በዚህ በተነከሰ እጄ፣ ተንበርክኬ ያንን ድንጋይ የሆነ ጸጉር በእሬትና በለብታ ውሃ አርሼ፣ እሾሁን እየለቀምኩ፣ በጠረብኩት ሚዶ ፈታሁት። ቆርጬም በሁለት ጉንጉን ሠርቼ ለዶኛ ሉዲቪና አስረከብኩ። ፀሐይዋ የተራራውን ጫፍ ነክታ ነበር። ናዝራዊው ያንን ጸጉር ለብሶ ሲወጣ እናንተም አይታችኋል፤ ሻማው ሲነካው እንዴት እንደሚያበራ አይታችኋል። ስለቱ ተከፈለ። እህቴ ይኸው በእግሯ ቆማለች። እህቴን ያዳናት ማን እንደሆነ እንግዲህ እናንተው ፍረዱ።

ተራው የእህቴ ነበር። ዘንቢሏን ሚዛኑ አጠገብ አስቀመጠች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ኋላ ያሉት ለመስማት አንገታቸውን አሰገጉ።

«ክሬሴንሲዮ ጥሩር አልለበሰም» አለች። «ውሃ ተሸክሞ ከኋላችሁ ነበር የሚሄደው። ልጁን በጸጉሩ የጎተትከው አንተ ነህ፣ ሃሲንቶ።»

«እትዬ፣ የዚያን ሰዓት አንቺ…»

«ከዳቦ ቤቱ ደረጃ ላይ ቆሜ ነበር። የራስ ቁርህን አውርደኸው ነበር፤ ላባው ግን ቀይ ነው። ባለ ቀይ ላባ አንተ ብቻ ነህ። የነቀልከውን ጸጉር መንገድ ላይ ስትጥለው ተንበርክኮ የለቀመው ክሬሴንሲዮ ነው። በመሐረብ ቋጥሮ ይዞት መጣ፤ እሱም ተበጥሮ ከሌላው ጋር ገባ።»

አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«መቀሱ ለአክሊሉ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጦ እሾሁን በውስጥ በኩል አንድ ባንድ ሲቆርጥ ነበር፣ ልጁን እንዳይወጋው። የውጭውን ተወው፤ ያን ማን ይነካዋል ብሎ። አንተም መጣህና በሩን ሳትዘጋው ሄድክ። ያንተን እጅ የነከሰው እሾሁ ነው እንጂ ሰው አይደለም።»

ሰልፉ በሙሉ ፋሻዬን አየ። ልሸሽገው አስቤ ነበር፤ የት እንደማደርገው ግን አላወቅኩም።

«ጣሪያ ላይም የወጣ የለም» አለች። «አንተ ያን ሰዓት ፑልኬ ቤት አግዳሚው ላይ የራስ ቁርህን ታቅፈህ ተኝተህ ነበር። ክሬሴንሲዮ የልጁን ራስ ጭኑ ላይ አስተኝቶ ከጫፍ ጀምሮ ፈታው። እኔ ውሃ ባቀብለው ነው እንጂ ሌላ እጅ አልነካውም። ቋጠሮው እንቢ ሲለው መቀስ ላቀብልህ ብለው ራሱን በእንቢታ ነቀነቀ። አልተነጋገሩም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ውሃውን ቀድቶ ሲያጥበውም አይነጋገሩም። ሚዶውን የጠረበው ለራሱ ነው፣ ገና ጎረምሳ ሳለ፣ ወታደርም ሳይሆን፣ ወታደሮቹ አደባባይ ላይ አስቀምጠው ሳይላጩት በፊት። ልጁ ያንን ጸጉር ከማን ያመጣው ይመስልሃል? ከእኛ ወገን?»

እጄን ወደ ራሴ ሰደድኩ። እኛ ቤት፣ አባታችንም አያታችንም፣ ጸጉራችን ሳስቶ እንደ ጭድ ነው።

«ቅልጥም ስጠኝ» አለች። «ለክሬሴንሲዮ ሾርባ ልሠራለት ነው። ዛሬ ልጁና እሱ ከአንድ ሳህን ይበላሉ።»

ቅልጥሙን መክተፊያ ግንዱ ላይ አጋደምኩት። ቢላዬን በግራ እጄ አንስቼ መታሁት። አልቆረጠም።